የተጨመሩት አያቶች

እጮኛዬን ያወቅሁት በማታ ትምህርት ነው፣ በሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከምንኖርበት አፓርትመንት ብዙ በማይርቅ ኮሌጅ። ኮርሱ የአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ አጫጭር ልቦለዶች ነበር። ካነበብናቸው የሚበዙት አንድ ዓይነት ናቸው። ነጭ የምትመስል ቆንጆ ልጅ አለች፣ ሊያገባት የመጣ ሰው አለ፤ ከዚያ አንዲት አሮጊት የቅድመ አያቷን ነገር ታወጣለች። ጥቁር ደም ተገኘባት ተብሎ ሰርጉ ይፈርሳል። ደራሲውም ሌላ የሚያደርጋት ነገር ሲያጣ ይገድላታል። እኔ እነዚህን ታሪኮች ሳነብ እበግን ነበር። አንድ ምሽት እጄን አውጥቼ፣ «እኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አልኩ። «እኛ ዘር የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ብቻ ነው። ሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፣ አለቀ።»

ከኋላዬ የተቀመጠው ጥቁር አሜሪካዊ፣ ከእኔ የሚቀላ ልጅ፣ «መቁጠር ያልቻለስ?» አለኝ።

እየተከራከርን እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ሄድን፤ በዓመቱ «ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

አክስቶቼ ፎቶውን ሲያዩ፣ «ቀይ ነው እኮ! ሐበሻ ነው ብንል ማን ያውቅብናል?» ተባባሉ። ተናደድኩ። ነገሩ ስለቀለለልኝ ግን ዝም አልኩ።

የእጮኛዬ አባት ሁለት የቤተ ክርስቲያናቸውን ሰዎች አስከትለው ከጎረቤቷ ከተማ ከአሌክሳንድሪያ መጡ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። የእኛ ሽማግሌዎች ፊት ለፊታቸው ሆኑ፣ አጎቴ አስተርጓሚ። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትቀመጥምና እኔ ኩሽና ነበርኩ። የአፓርትመንት ግድግዳ ገመና አይደብቅም፤ በበሩ ክፍተት አያለሁ፣ ሁለቱንም ቋንቋ እሰማለሁ።

አባቴ ሰባት ቤታቸውን እንደ ዳዊት አነበነቡ። ቀጥሎ የእጮኛዬ አባት ተጠየቁ። የራሳቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም ጠሩና ቆም አሉ።

«የአያቴ አባት፣ የአያቴ እናት ጌታ ነው» አሉ በእርጋታ። «ገዝቷት ነበር። የእሱን ስም እኛ ቤት አንጠራም። የእሷን ደግሞ የነገረን የለም። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።»

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያም ጣቶቹን እያጠፈ፣ በአማርኛ፣ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ስም ያዥጎደጉደው ጀመር። አራተኛው ገበሬ ነበሩ አለ፤ አምስተኛው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፤ የቀሩት ባለርስት። ሽማግሌዎቻችን፣ «እሰይ! የጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

ፊቴ ነደደ። ያቺ ስሟ የጠፋ ሴት ሳሎናችን ድረስ መጥታ፣ አጎቴ ቁጭ በይ ሳይላት አስወጣት። በልቦለዶቹ ውስጥ እውነቱ ሲወጣ ሰርግ ይፈርሳል፤ የእኔ ደግሞ እውነቱ ስለተደበቀ ሊሰምር ነው። ዝም ካልኩ አገባዋለሁ። ከተናገርኩ ግን ሽማግሌዎቹ «የባሪያ ዘር» ብለው ተነስተው ይሄዳሉ።

አባቴን ወደ ኩሽና አስጠራሁና፣ «አባባ፣ አጎቴ የነገራችሁ ውሸት ነው። ሰውዬው ያሉት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ሆስፒታል ዳብል ሺፍት ቀን ከሌት ስሠራ፣ በአማርኛ የሠራሁ መሰለሽ? እኔ ሰውዬው ያሉትን ሰምቼ ነው እሺ ያልኩት። አጎትሽ ያለው ለሽማግሌዎቹ ነው። ልጅ ስትወልጂም አጎትሽ የቆጠረውን ቁጠሪለት፤ ሰው መሃል አንገቱን አይድፋ።»

ትከሻዬን መታ መታ አድርገውኝ ወደ እንግዶቹ ተመለሱ። ይህን ያሉት ስለሚወዱኝ ነው። ለዚህ ነው የባሰ ያፈርኩት።

በኋላ እንግዶቹን እስከ መኪና ማቆሚያው ሸኘሁ። የእጮኛዬ አባት የመኪናውን በር ከፍተው ሳይገቡ ቆሙ።

«ልጄ፣ እኔ የጠራሁት ሦስት ሰው ነው» አሉኝ። «አጎትሽ ግን ሰባት ጣት አጠፈ። ሌሎቹ እነማን ናቸው?»

ላስረዳቸው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። አዩኝና ገባቸው። ባርኔጣቸውን ደፉ።

«የአያቴን እናት፣ እሷንስ አነሳት?» አሉኝ።

«አላነሳትም» አልኳቸው።