ለጋሼ ፒካፕ ጉልበት ሲጨመርላት

ሰፈርተኛው የሚያውቃት «እትዬ መፍቻ» በሚለው ስም ነው። በመንግሥት ማሽነሪ ጥገና ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ስትፈታና ስትገጥም ኖራ፣ በሃምሳ ዓመቷ የራሷን ጋራዥ ከፈተች። ጋራዡ ሁለት መኪና ብቻ የሚይዝ በቆርቆሮ የተከደነ ቤት ነው፤ አንድ የመፈተሻ ጉድጓድ፣ አንድ ረጅም የብረት ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በየቁጥራቸው የተሰቀሉ መፍቻዎች። አንዲት መፍቻ ቦታዋ ካልተመለሰች ምሳ አይበላላትም። በሥራዋ የሚያማት የለም። ትዕግሥተኛም ነበረች፤ ታላቅ ወንድሟ አንድ ቀን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃ ታቅፎ እስኪመጣ ድረስ።

ወንድሟ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ስለሚበልጣት ከልጅነቷ ጀምሮ «ጋሼ» እያለች በአንቱታ ነው የምታናግረው። ቢያበሽቃትም አንቱታው አይቀርም። ማብሸቁን ደግሞ ይችልበታል። ጡረታ እንደወጣ አንድ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ፣ ዳገቱ ላይ ለሚያሠራው ቤት አሸዋና ድንጋይ ያመላልስባታል።

ያን ቀን ጠዋት ብርድ ልብሱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ እንደ አራስ ልጅ ቀስ አድርጎ ገለጠው። ውስጡ ሱፐርቻርጀር ነበር፤ በሞተሩ የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋው፣ እየተሽከረከረ አየር ጠቅጥቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ፣ ከተገለበጠ መኪና ላይ የተፈታ ከባድ ዕቃ።

«ይኸውልሽ። እስከ ምሳ ትገጥሚልኛለሽ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ምን እንደሆነ ያውቃሉ?»

«ማራገቢያ ነዋ! ነፋስ ይሰጣታል። ዳገቱ ላይ እያቃሰተች ልትገለኝ ነው። ትናንት አንድ ብስክሌተኛ ቀደመኝ። ብስክሌቱን እየገፋ!»

እዚህ ላይ ቆም ብላ ማሰብ ነበረባት። ግን «ማራገቢያ» የሚለው ቃል ደሟን አፍልቶት ስለነበር ወደ ማስረዳት ገባች።

«አየር ከተጨመረ ነዳጅም መጨመር አለበት። ፓምፑ አርጅቷል፣ ይለወጣል። ኢንጀክተሮቹም እንደዚያው። ሞተሩ ሲግል ይቺ ራዲያተር አትችለውም። ፍሪሲዮኑም ይንሸራተታል። ያ ሁሉ ጉልበት ደግሞ መቆሚያ ይፈልጋል፤ ፍሬኑም ይታያል።»

«አንቺ ደግሞ አንድ ነገር ሲጠይቁሽ አሥር ትመልሻለሽ። ስትወለጂም እንዲሁ ነበርሽ።»

በምሳ ሰዓት ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ሳምንት ፈጅቶም አላለቀ። ሱፐርቻርጀሩን ሞተሩ ላይ የሚይዘው ብረት ቶርኖ ቤት መሠራት ነበረበት። «ሠላሳ ዓመት መሬት የለካሁ ሰው አንዲት ብረት ያቅተኛል?» ብሎ ጋሼ ልኩን ራሱ ወስዶ ሄደ። ብረቱ ሲመጣ ቀዳዳዎቹ በሁለት ጣት ስተዋል። ቺንጋ ይግዙ ብትለው ረጅም ይዞ መጣ፤ ይመልሱት ስትለው አጭር ይዞ መጣ። አዲሱ ራዲያተር ከቦታው ሰፍቶ መቀመጫውን መቁረጥ ግድ ሆነ። እሱ ግን ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና «በዚያ በኩል ብትሞክሪው» ይላታል። በዚያ በኩል የባትሪው ቦታ ነው።

አንድ ቀን፣ እሱ የቶርኖ ሠራተኛውን ሊጨቀጭቅ በሄደበት፣ ፍሬኑን ለማየት የመኪናዋን ኋላ በክሪክ አነሳችው። የእጅ ፍሬኑን ለቅቃ ጎማዎቹን በእጇ ብትገፋቸው አልዞር አሉ። የፍሬኑን ከበሮ አወለቀች። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ዝጎ ደርቋል፤ የፍሬን ሸራዎቹን ከበሮው ላይ አጣብቆ ይዟቸው ነበር። ሸራዎቹ ተቃጥለው ከሰል መስለዋል። መኪናዋ ስንት ዘመን ፍሬን እንደተያዘባት ዳገት ስትወጣ ኖራለች!

እትዬ መፍቻ ከጎማ ክምር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። ለአዳዲስ ሠራተኞች «መጀመሪያ መኪናውን ስሙ፣ ባለቤቱን ኋላ» እያለች የኖረች ሴት፣ ባለቤቱን ሰማች። ያውም ጋሼን! በማን እንደተናደደች ለራሷም አልለይላት አለ።

ገመዱንና ሸራዎቹን ለወጠች። በማግስቱ ወንድሟ ሲመጣ ኮፈኑ ተዘግቶ አገኘው።

«ጨረስሽ?»

«ይግቡ፣ እንሞክራት።»

ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ወጣችው። ጋሼ ዳሽቦርዱን በመዳፉ እየመታ «አላልኩሽም? አየሽ የነፋስን ሥራ!» ይላል። ጫፍ ላይ ስትደርስ አቆመችና ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች።

«ያሳዩኝ እስቲ፣ የት አለ?»

ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ሱፐርቻርጀሩ በጋራዡ ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ተኝቷል።

«የታመመው ፍሬኑ ነበር ጋሼ። ሞተሩ ጤነኛ ነው። ዕቃውን ለሚፈልግ ሰው ይስጡት፣ ይገላግሉኝ።»

ሞተሩን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ ፊቱ በራ። «እንግዲያው ያ ዕቃ ሲጨመርበት አስቢው!»

«አንተ ሰውዬ!»

ከአፏ አመለጣት። ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«አንተ አልሽኝ።»

«አልኩ።» ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ፣ ይቅርታው አልመጣ አላት።

ጋሼ መነጽሩን መልሶ አድርጎ፣ ወደሷ ሳያይ «ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መኪና ከሹፌር ጎን ተቀምጬ የሰው መንገድ ለካሁ» አለ። «አንድ ቀን እንኳ ‹ፍጠን› ብዬ አላውቅም። ይቺ የራሴ ናት። አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ስትበር ማየት እፈልጋለሁ።»

«ታዲያ ይሄን ያኔውኑ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» ኮፈኑን ጓ አድርጋ ዘጋችው። «የብስክሌት ወሬ ሲያወሩኝ ከርመው!»

ሱፐርቻርጀሩን ገጠመችው። ሁለት ሳምንት ተጨማሪ ወሰደ፤ በነዚያ ሁለት ሳምንታት ጋሼ ከጋራዡ ደፍ እንዳያልፍ ተከለከለ። ብረቱን ራሷ ለክታ በድጋሚ አሠራች፣ ቺንጋውን ራሷ ገዛች፣ ኢንጀክተሩንና ፍሪሲዮኑን ለወጠች። ሞተሩ ሲነሳ እንደ ፉጨት ያለ ቀጭን ድምፅ አወጣ።

መጀመሪያ ብቻዋን ይዛት ከከተማው ወጣች። መንገዱ ጭር ሲል ነዳጅ መስጫውን ረገጠችው። ጀርባዋ ከወንበሩ ተጣበቀ፣ የመንገድ ዳር ዛፎች ተሯሯጡ፣ እትዬ መፍቻም ሳታስበው ከት ብላ ሳቀች። ወዲያው ሰው አይቷት እንደሆነ በመስታወት አጣርታ ፊቷን ኮስተር አደረገች። ለጋሼ «ትሠራለች» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመረችለትም።

በዚያው ቀን ጋሼ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ እዚያው መንገድ ላይ መኪናዋን ነዳት። ሲመለሱ ሚስቱ ጋራዡ በር ላይ ወርዳ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ከመሪው ላይ እጁን ማላቀቅ አቅቶት ነበር። «በረረች» አለ።

ከዚያ ወዲህ ከማንም ይልቅ ቀርፋፋ ነጂ ሆኗል። ግን በየማክሰኞው መጥቶ ጋራዡ በር ላይ ይገትራታል።

«ድምፅዋ አልተለወጠብሽም? ስሚያት እስቲ።»

ትሰማታለች። «ምንም የላትም። ከበሩ ላይ ያንሱልኝ ጋሼ፣ ደንበኛ ሊገባ ነው።»

«እሺ፣ እሺ» ይልና ኮፈኑን ከፍቶ፣ መግቢያ አጥቶ ጥሩምባ ለሚነፋው ደንበኛ ሱፐርቻርጀር ምን እንደሆነ ማስረዳት ይጀምራል።