የፈረንጅ ሃያ

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 20፣ ንጋት 12 ሰዓት

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሚኒባሱ ግማሽ ሰው ይዟል፤ ታሪፉ ግን እጥፍ ነው።

"መንገዱ ክፍት ነው?" አልኩት ሹፌሩን።

"እስኪዘጋ ክፍት ነው። ግቢ እህቴ!"

አስፋልቱ ላይ የተቃጠለ ጎማ ሽቦ፣ ድንጋይ፣ ጠመንጃ የያዘ ፖሊስ።

የምሄደው ሰበታ ነው፤ የታሰሩትን አጎቴን ኦቦ ነገራን ለማየት። ቡራዩ ታሪክ ያስተምራሉ። የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሲነሳ "ተማሪ አሳምፀሃል" ብለው ወሰዷቸው። ሰበታ ፋብሪካ የምትሠራው ጓደኛዬ አስቴር "በ20 ቤተሰብ ይገባል ተብሏል፤ ልብስ ይዘሽ ነይ" ብላ ቴክስት ላከችልኝ። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ።

ቡራዩ፣ 3 ሰዓት

ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። የአጎቴ ሚስት አዴ ጫልቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው አይሄዱም። "አከም ቡልቴ?" ብለው ሳይጨርሱ የታጠበ ጋቢና መነጽር አስታቀፉኝ።

"መነጽሩን አደራ። ካላነበበ ያብዳል።"

እኔንም ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ሰሌዳው ላይ 1300 ዓ.ም. ይጽፉና ያቺኑ ዓመት በየአገሩ ያስቆጥሩን ነበር። በፈረንጅ 1307፣ ጥር ላይ ስትደርስ 1308። በሙስሊሞች ሂጅራ 707። ከአዳም ጀምሮ ለሚቆጥረው የገዳም ጸሐፊ 6800፤ ከሰማዕታት ዘመን ለሚነሱት ግብጾች 1024።

"ዓመቷ አንድ ናት፤ የሚለያየው መነሻችን ነው" ይሉን ነበር። ያንን ፈተና ደፍኜዋለሁ።

ሰበታ፣ 7 ሰዓት

አስቴር ሽርጧን እንደለበሰች ከፋብሪካው በር ወጣች።

"ውይ! ዛሬ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ሃያ አይደል እንዴ?"

"የፈረንጅ ሃያ ነዋ! እኛ ደሞዙም ፈረቃውም በፈረንጅ ነው። አለፈ'ኮ፤ እሁድ ነበር፣ አስር ቀኑ!"

ስልኬን አውጥቼ ቴክስቷን እንደገና አነበብኩት።

"እኔ ገብቼ ነበር" አለች ቀስ ብላ። "አጎትሽ በር በሩን ያያሉ። መንገድ ተዘግቶባት ነው አልኳቸው። በማግስቱ ጭነው ወሰዷቸው።"

"የት?"

"ማን ይነግረናል፣ አንቺ ደግሞ!"

ታስረው የነበሩበት ሄጄ የበሩን ዘበኛ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "እዚህ የለም። ዘወር በይ።"

ቡራዩ፣ 11 ሰዓት

አዴ ጫልቱ በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁኛል። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልጮኹም።

"በእኛ ስንት ነበር?"

"አስር። እሁድ።"

ጋቢውን ተቀበሉኝ።

"ያን እሁድማ" አሉ፣ "ይኼን ሳጥብለት ነው የዋልኩት።"