ከቀኝ የሚመጡት መንኮራኩሮች

አባቴ ጌም ሲጫወት ማየት ያናድደኝ ነበር። ስድሳውን ያለፈ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ሚኒባስ ሲነዳ ከርሞ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሶፋው ላይ ተደላድሎ ጠፈር ላይ ይታኮሳል። ጌሙን ስልኩ ላይ የጫነችለት የሰባት ዓመት ልጄ ናት። መሐል ላይ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መንኮራኩር አለች፤ ቀያዮቹ የጠላት መንኮራኩሮች ከግራም ከቀኝም ይመጡባታል፤ እሱ በአውራ ጣቱ እየነዳ ይተኩሳል። ፕላኔት እያዳነ ነው አሉ። ሀና ማርያም ውኃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ነው፤ ጄሪካን ተሸክሜ ደረጃ የምወጣው እኔ ነኝ፤ እሱ ግን ፕላኔት ያድናል።

ይባስ ብሎ ሁልጊዜ ይሸነፋል። ልጄ ከጎኑ ሆና “አባባ ደግሞ ሞተ” እያለች ትንከተከታለች። እኔም እስቅበት ነበር።

ያን እሑድ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔ ስልኩ ላይ አረፈ። ከግራ የመጣውን ሁሉ አንድም ሳይስት ይመታል። ሠላሳ ምናምን ዓመት መሪ የያዘ እጅ ነውና ፈጣን ነው። ከቀኝ የመጣው ግን ዝም ብሎ ይገባበታል። አንድ ቀይ መንኮራኩር ከቀኝ ዳር ተነስቶ፣ ልጅ እንኳ ሊያመልጠው በሚችል ዝግታ መጣና ገጨው። ፈነዳ። እንደገና ጀመረ፤ እንደገና ከቀኝ መጥተው ገደሉት። አራት ጊዜ ቆጠርኩ። ከቀኝ እየመጡብህ ነው እኮ ስለው፣ ይሄ ጌም ያጭበረብራል፣ ከየት እንደሚመጡ አይታወቅም አለኝ።

ቢላዋውን አስቀመጥኩና በቀኙ በኩል እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን አወዛወዝኩ። ምንም። ጠጋ አደረግኩ። ምንም። በግራው በኩል ሳደርገው “ምን ትሠሪያለሽ አንቺ?” ብሎ ዞረ።

በፍልሰታ ሦስት ቀን ራሱን አሞት ተኝቶ ነበር። ምች ነው አልን። ጎረቤቱ ሁሉ ምች ነው አለ። ዳማከሴውን አሽቼ፣ ጨምቄ ያጠጣሁት፣ ግንባሩን የቀባሁት እኔ ነኝ፤ ዲግሪዬን ግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሴትዮ። በአራተኛው ቀን ሲነሳ ዳማከሴን የመሰለ መድኃኒት የለም ተባባልንና ወደ ሥራው ሸኘነው። በኋላ ሐኪም እንደነገረን ምች አልነበረም፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ስር ተዘግቶ ከሁለቱም ዓይኖቹ የቀኝ ወገን እይታውን ወስዶበታል። ያን እሑድ ይህን አላወቅኩም። ያወቅኩት በቀኙ እንደማያይና ከፍልሰታ ጀምሮ ሰው ጭኖ ከሀና ማርያም ላፍቶ እንደሚመላለስ ብቻ ነው።

ልጄ ደግሞ ትምህርት ቤት የምትሄደው በእሱ ታክሲ ነው። በየጠዋቱ ጋቢና ትቀመጣለች። ጋቢና ከሹፌሩ በስተቀኝ ነው።

በቀኝህ አታይም ስለው መጀመሪያ ካደኝ። ቀጥሎ ተቆጣ። በመጨረሻ ስልኩን ሶፋው ላይ ደፍቶ አስቀመጠና ከበሽታው ወዲህ እንደሆነ፣ ረዳቱም እንደሚያውቅ ነገረኝ። ረዳቱ ሃያ ዓመት አብሮት የሠራ ሽበታም ሰው ነው። በስተቀኝ ባለው በር በኩል አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “ግባ”፣ “ያዝ”፣ “ሰው አለ” ይለዋል። ረዳት ሁሉ እንዲህ ስለሚል ማንም አልጠረጠረም። ሁለት ሽማግሌዎች ተማክረው፣ አንዱ እያየ አንዱ እየነዳ፣ ሦስት ወር ሙሉ ሰው ሲጭኑ ከረሙ።

ደሜ ፈላ። “ልጄን?” አልኩት። “ልጄን በማታይበት በኩል አስቀምጠህ?”

እሷ ስትኖር ቀስ ብዬ ነው የምነዳው አለኝ። ቀስ ብሎ! ቁልፉን ስጠኝ ስለው፣ ቤት ቁጭ ብዬ ግድግዳ ልቁጠር እንዴ፣ ገና አልሞትኩም ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ገባና በሩን ዘጋው።

ሰኞ ጠዋት ሳልነቃ ወጥቷል። ልጄን ጎረቤት ትቼ ወደ ታክሲ ተራው በሩጫ ወረድኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው፤ ሰልፉ እስከ ዳቦ ቤቱ ተጎትቷል። ረዳቱ ሲያየኝ ገባው። “ተይ ልጄ፣ እኔ አይለት የለም እንዴ” አለኝ ቀስ ብሎ። ገፋ አደረግኩትና በሩን ይዤ ለተሳፋሪው ተናገርኩ።

“ሹፌሩ አባቴ ነው። በቀኝ በኩል አያይም። ውረዱ።”

ማንም አልወረደም። አንዱ ሰዓቱን አየ። ነጠላ የለበሰች ሴትዮ ከላይ እስከ ታች ገላመጠችኝና፣ አንድ ሰዓት ተሰልፈን ነው የገባነው፣ የቤታችሁን ጸብ እቤታችሁ ጨርሱ አለች። ከኋላ ወንበር ሌላው፣ ረዳቱ የሚያይ ከሆነ ምን ችግር አለው አለ። ከሰልፉ ደግሞ የሚወርድ ካለ እኛ እንግባ የሚል ድምፅ መጣ። እንደዚያ ጠዋት ሰው ጠልቼ አላውቅም። የቆምኩት ለእነሱ ሕይወት ነው፤ እነሱ የሚያዩኝ ሥራ እንዳስረፈደቻቸው እብድ ነው።

አባቴ ይህን ሁሉ ፊት ለፊቱን እያየ ሰማ። በሰው ፊት ይሰድበኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እሱ ግን ሞተሩን አጠፋ።

“ውረዱ” አለ። “ልጄ እውነቷን ነው። አላይም።”

አሁን ወረዱ፣ እያጉረመረሙ። ነጠላ የለበሰችው ሴትዮ ሰው ልትጨርስ ነበር እንዴ ብላ ረገመችው፤ ከአንድ ደቂቃ በፊት አልወርድ ብላ የነበረችው ሴትዮ። ሰው ሁሉ ወደሚቀጥለው ታክሲ ተሻማ። አባቴ በራሱ በር ወርዶ፣ ቁልፉን ይዞ፣ በሚኒባሱ አፍንጫ በኩል ዞሮ መጣ። እኔ ጋቢናው በር አጠገብ፣ በቀኙ ቆሜያለሁ።

“ልጄ የት ሄደች?” አለ፣ ወደ ሰልፉ እያየ።

ክንዴን ብዘረጋ እደርስበት ነበር። ንዴቴ ስላልበረደልኝ ዝም አልኩ፤ ቁልፉን ወደ ባዶው ዘርግቶ ሲፈልገኝ ቆሜ አየሁት።