የሚስቱ ፍንጭት

ጡረታ የወጣው ፎቶ አንሺ፣ ሟች ሚስቱ የሳቀችበት አንድ ፎቶ ብቻ ነበረው፤ እሱም ፊቷ ላይ ተሰንጥቋል። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የድሮው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ስንጥቁን ማጥፋት አቃተው። ሴት ልጁ በየወሩ የሚከፈልበትን አዲሱን ፕሮግራም ጫነችለትና አንዴ ነካ ስታደርገው ስንጥቁ ድራሹ ጠፋ። አባትየው ግን ፊቱን አጨፈገገ።

«ይቺ ደግሞ የማን ሚስት ናት?»

ፕሮግራሙ የጥርሷን ፍንጭትም እንደ ስንጥቅ ቆጥሮ ደፍኖታል።

«አስተካከለልህ እኮ፣ አባዬ» አለች ልጁ ልታበሽቀው።

«እኔን ያስተካክለኝ። ልቤን የወሰደችው በምን ሆነና?»

ልጅቷ የእናቷን ጥርስ ብቻ ለይታ ወደ ነበረበት መለሰችው። እናትየው ከነፍንጭቷ ሳቀች። አባትየው መነጽሩን አውልቆ ጠራረገ።

«በይ በየወሩ እንከፍላለን» አለ። ልጁም በደስታ ስትስቅ አያትና፣ «አንቺ ግን ራቅ ብለሽ ሳቂ፤ ያንቺንም ፍንጭት እንዳይደፍነው» አላት።