ለአይጥ የተሰጠው መድኃኒት

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ለማስተርስ ፋርማኮሎጂ ስማር፣ ከትምህርቱ ይልቅ የከበደኝ ሥራዬን ላሊበላ ላሉት ዘመዶቼ ማስረዳት ነበር። ለገና በሄድኩ ቁጥር አንዱ ዓይኑን፣ ሌላዋ ወገቧን ይዘው ይመጣሉ። እኔ የምሰጠው መድኃኒት ለአይጥ ብቻ መሆኑን ስነግራቸው በትሕትናዬ ይገረማሉ። ያመኑኝ አባቴ ብቻ ናቸው፤ አምነውም አፈሩብኝ።

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት በተረፋቸው ጊዜ ለወፍ በሽታ መድኃኒት ይሰጡ ነበር። ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ከሩቁ የኮን ከተማ ድረስ በእግሩ ይመጣል። ሥሩን የሚነቅሉት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከደጅ ወጥተው እስኪመለሱ ለማንም ቃል አይተነፍሱም። ከተነፈሱ መድኃኒቱ ይረክሳል። ተክሉ የትኛው እንደሆነ እናቴ እንኳ አታውቅም። መምህሬ በበኩላቸው ለመመረቂያ ጽሑፌ ከአገሬ ተክል ሳልይዝ እንዳልመለስ ነግረውኛል።

ስለዚህ አንድ ገና፣ አሥር ቀን ሙሉ አባቴን ለመንኳቸው። በመጨረሻ ለማን ልሰጠው እንደሆነ ጠየቁኝ። ለአይጦች አልኩ። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ልመለስ በተነሣሁበት ጠዋት ግን ከቤታችን በላይ ወዳለው ገደል ወሰዱኝና የሚበቅልበትን አሳዩኝ፤ ከነሥሩ ከነአበባው ነቅለውም በነጠላ ጠቀለሉልኝ። ቤት ስንደርስ ነው የተናገሩት።

“ከእንግዲህ ያንተ ነው። አሳልፎ የሰጠ ሰው እጁ አይፈውስም።”

የተማርኩ ሰው በእንዲህ ያለ ነገር አልደነግጥም፤ ጉልበታቸውን ስሜ መኪና ላይ ወጣሁ።

ስምንት ወር ደከምኩበት። ሥሩን አደረቅሁ፣ ፈጨሁ፣ በአልኮል ዘፈዘፍኩ፣ ጉበታቸው ለታመመ አይጦች አጠጣሁ። የጠጡትን ካልጠጡት መለየት አልተቻለም። መምህሬ ይህም ራሱ ውጤት ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። ከአያት ቅድመ አያት የወረደውን ምስጢር በሦስት ገጽ ጽፌ ዘጋሁት።

በተከታዩ ገና ቤት ስገባ አባቴ ምንም አልጠየቁኝም። ደጃችን ላይ ግን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። እናቴ እንደነገረችኝ ዓመቱን ሙሉ የመጣውን ሁሉ መድኃኒቱ ልጄ ጋ ነው እያሉ መልሰውታል። እኔ ደግሞ ውጤቱን ልነግራቸው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ነገ፣ ነገ እያልኩ በዓሉ አለፈ። ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም።

የመመለሻዬ ቀን ደረሰ። ቀበሌ የሰጠኝ የይለፍ ወረቀት የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው፤ ካለፈ ኬላ ላይ ያስቀሩኛል። ፈተናዬ ደግሞ ሰኞ ነው። የጭነት መኪናው ፀሐይ ሳትወጣ ለመነሣት ከቤታችን በታች ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቀኛል። ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ ጎረቤታችን ሸማኔው ደጃችን ላይ ተቀምጧል። ዓይኑ ቢጫ ነው። ጤና ጣቢያ ደርሶ ክኒን ይዟል፤ ክኒኑን በእኛ መድኃኒት ሊያግዘው ነው የመጣው።

አባቴ ከኋላዬ ቆመው፣ “እሱ ጋ ነው” አሉት።

በኩራት ነው ያሉት። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስይዝ እንኳ እንዲያ ሲኮሩብኝ አላየሁም። ሥሩ እንደማይሠራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአገሩ የለም፤ ሦስት ገጽ ጽፌበታለሁ። ሻንጣዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩና ማንንም ሳላናግር ወደ ገደሉ ወጣሁ።

ተንበርክኬ ስቆፍር ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ስሜን ጠራ። ቀጥሎ የተማረ ሰውን በጅምላ ሰደበ። ከላይ ሆኜ አየዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ቆየኝ ብዬ ብጮህ ይጠብቀኝ ነበር። መኪናው አቧራውን እያስነሣ ቁልቁል ወረደ፤ እኔ አፌን ዘግቼ መቆፈሬን ቀጠልኩ።