ላባዋን ያራገፈችው ወፍ

ባለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ዳዊት አዲስ የገዛውን መኪና ሊያሳየኝ ከአዲስ አበባ ሸዋ ሮቢት ድረስ ወርዶ ነበር። መኪናውን ግቢው ውስጥ ሲያቆመው ከሁሉ አስቀድሞ የደረሰኝ መልኩ ሳይሆን ሽታው ነው። ጣርማበርን ቁልቁል የወረደ መኪና ሁሉ ይዞት የሚመጣው የተቃጠለ ፍሬን ሽታ፣ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ሌላውን ሰው አፍንጫውን የሚያስይዝ፣ እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ የሚለኝና ደስ ሲለኝም ሆዴን የሚያባባኝ ሽታ ነው። እንኳን ደስ ያለህ ልለው አፌን ስከፍት ዓይኔ መኪናው አፍንጫ ላይ ካለው ምልክት ላይ አረፈ። አንዲት ጎበጥ ያለች መስመር ብቻ ናት፣ ሌላ ምንም የለባትም። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀና፣ «ወፏ ናት እኮ እትዬ፤ አያቴ ይነዱት የነበረውን የጭነት መኪና የሠራው ፋብሪካ ነው ይሄንንም የሠራው» አለኝ። በረንዳው ላይ ቁጭ አልኩ። መስመሯን ከግራም ከቀኝም አየኋት፣ መነጽሬንም አውልቄ አየኋት፤ ወፍ የሚባል ነገር አጣሁባት።

እኔ የማውቃት ወፍ እንዲህ አልነበረችም። በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ግድም፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ከአዲስ አበባ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር፤ ወፏም ከዚያ መኪና ግንባር ላይ ሁለት ክንፎቿን ዘርግታ፣ እያንዳንዱ ላባዋ በጣት የሚዳሰስ ሆኖ፣ አፏን ከፍታ፣ በጥፍሮቿ አንድ ቀለበት ጨብጣ የተቀመጠች፣ ወርቃማ ቀለሟ በአቧራና በሙቀት የገረጣ የብረት ወፍ ነበረች። በዚያን ጊዜ በሮቢት ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በጣት የሚቆጠር ሲሆን የመኪና ምልክት የማያነብ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ከደብረ ሲና የሚወርደውንም ከአጣዬ የሚመጣውንም ገና ከሩቅ በግንባሩ ለይተን፣ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚነዳው፣ ምሳውን የት እንደሚበላ እንናገር ነበር።

ምን ዓይነት ወፍ እንደሆነች ግን ከተማው ተስማምቶ አያውቅም። ጨርቃ ጨርቅና ጨው የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ሰዒድ የነቢዩ ሱለይማን መልእክተኛ ሁድሁድ ናት ይሉ ነበር፤ የኔታ ደግሞ ለኖኅ ቅጠል ይዛ የተመለሰችው ርግብ ናት ብለው ይከራከሯቸዋል፤ ጥፍሯን አይተው የሚጠራጠሩ ሲመጡም ያኔ ርግብ ጥፍር ነበራት ይላሉ። ሁለቱንም ግራ ያጋቧቸው አቶ ይርጋ የተባሉ የቀወት ገበሬ ናቸው። ማሽላቸውን ለገበያ ሊያስጭኑ ጆንያቸውን ደርድረው ሲጠብቁ የአባቴ መኪና ደረሰና ወፏን ባዩ ጊዜ፣ «ማማ ላይ ተሰቅዬ በወንጭፍ ሳባርራት የከረምኩትን ግሪሳ፣ ዛሬ ማሽላዬን አሸክሜ ልሸኛት?» ብለው እምቢ አሉ። አባቴ ይቺ ናፍጣ እንጂ እህል አትቀምስም ብሎ ቢለምናቸውም አልሰሙትም፤ እስከ ማታ ድረስ ተቀምጠው ምልክቱ የወለቀ መኪና ጠብቀው ጫኑ።

ቤታችን ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ከማሽላው ማሳ ባሻገር፣ ወደ ሮቢ ወንዝ በኩል ስለነበር ከመንገድ አይታይም። አባቴ ሲያልፍ የምናገኘው አንዳችን ወጥተን መንገድ ዳር ከቆምንና እጃችንን ካነሳን ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ሕግ ነበር። የሮቢት ሴት ልጅ ለሾፌር እጇን አታነሳም። ሾፌሮች ሁሉ ለልጅ ጡሩንባ ይነፋሉ፣ እጃቸውንም ያወዛውዛሉ፤ መልስ የሰጠች ልጅ ግን ወሬዋ ከእሷ ቀድሞ እቤቷ ይደርሳል። እኔ የተፈቀደልኝ ለወፏ ብቻ ነበር። እናቴ ይህንን ስትነግረኝ ጆሮዬን ያዝ አድርጋ ነው፤ ወፏ ከሌለች ፊትሽን አዙሪ።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ማሽላው አሽቶ ግሪሳው ሰማዩን ሲያለብሰው፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ ታመመች። በሦስተኛው ቀን እንደማትተርፍ ሁሉም ሰው ገባው። ለአባቴ ግን በደብዳቤም ሆነ በሌላ ሾፌር መላክ አይቻልም፤ መሪ ለጨበጠ ሰው ክፉ ወሬ አይላክም፣ ሰምቶ ቢነዳ ገደል ይገባል ተብሎ ይፈራል። ወሬውን ከቤቱ ሰው አፍ፣ እቤቱ ተቀምጦ ነው መስማት ያለበት። አንድ ወዳጁ የሆነ ሾፌር አባቴ ነገ ወደ አሰብ እንደሚያልፍ ነግሮን ስለነበር፣ ከበሽተኛዋ አጠገብ መነሳት ያልቻለችው እናቴ እኔን ጠራችኝ። «ወፏን ስታይ እጅሽን አንሺ። ሲቆም፣ እማማ ይፈልጉሃል፣ እቤት ና በይው። ታመዋል እንዳትዪ፤ አደራ።»

ከጠዋት ጀምሮ ግራሩ ጥላ ሥር ቆምኩ። ስንቱ መኪና አለፈ። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ስትደርስ ከወደ ደብረ ሲና አንድ አዲስ ቀይ የጭነት መኪና ፍሬኑ እየሸተተ መጣ። ግንባሩን አየሁ። ቀለበት አለ፤ ቀለበቱ ውስጥ ግን ወፍ የለችም፤ ሁለት የተቆለመሙ ብረቶች ብቻ፣ ላባ የሌላቸው፣ ጥፍር የሌላቸው፣ እንደ ተሰበረ ሰንበሌጥ ወዲያና ወዲህ የዘመሙ። መኪናው ጡሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፋ። በመስኮቱ አንድ እጅ ወጣ። እኔም እንደ ተማርኩት ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ፣ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ ፊቴን ወደ ማሽላው አዞርኩ። ሽታው ብቻ አጠገቤ ቀረ።

ስለዚያ እጅ ከሃምሳ ዓመት ላላነሰ ጊዜ አስቤያለሁ፤ አሁንም አልጠራልኝም። ጣቶቹን ገለጥ ከደን ያደረገ ይመስለኛል፤ አባቴ እንደዚያ ነበር እጁን የሚያወዛውዘው። ያን ጊዜ አይቼው ነው ወይስ በኋላ ራሴ የጨመርኩበት? አይቼው ከሆነስ፣ የአባቴን እጅ ትቼ እንዴት ብረቱን አመንኩ? አንዳንድ ቀን አላየሁም ብዬ እምላለሁ፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አይቼ ነው የዞርኩት እላለሁ፤ ለሁለቱም ምስክር የለኝም።

ሲመሽ እቤት ገብቼ አላለፈም አልኩ። አያቴ የመኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር «መጣ?» እያለች ሁለት ቀን ቆየችና በሦስተኛው ዐረፈች።

አባቴ ከአሰብ የተመለሰው ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው። መርዶው በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እንዲነገረው ሽማግሌዎች ስለመከሩ፣ እስከዚያው ምክንያት ፈጥረው ሐጂ ሰዒድ ሱቅ አስቀመጡትና ሻይ አቀረቡለት። እኔ ከጨው ጆንያዎቹ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ምንም አያውቅም፤ እየሳቀ፣ ዙሪያውን የተቀመጡትን እያየ ያወራል። «ልጄ እኮ አደገችልኝ! ስወርድ መንገድ ዳር አገኘኋት። የመኪናው ባለቤት አጠገቤ ተቀምጦ ያጣድፈኛል፤ እንዲያው ጡሩንባ ነፋሁላት፣ እጄን አወጣሁላት፤ እሷ ሆዬ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ጀርባዋን ሰጠችኝ! እጇን አንስታ ቢሆን ባለቤቱ ቢቆጣም ባይቆጣም አቆም ነበር።» ማንም አልሳቀም። ሁሉም ምን ተልኬ እንደቆምኩ ያውቃሉ። ሐጂ ሰዒድ፣ «ማሻአላህ፣ ሥርዓት ያላት ልጅ ናት» አሉና ፊታቸውን ወደ ሚዛናቸው አዞሩ። እኔ ደግሞ ጆንያው ኋላ፣ ባለጌ ሆኜ እጄን አንስቼ ቢሆን ኖሮ የሚለውን ማሰብ ጀመርኩ፤ ጥሩ ልጅ መሆኔና ያደረስኩት ነገር በልጅ አእምሮዬ አልገጥም አለኝ።

ጎህ ሲቀድ መርዶውን አረዱት። ጩኸቱን አልጽፈውም። የተላኩት እኔ እንደነበርኩ ማን እንደ ነገረው አላውቅም፤ ግን አልተቆጣኝም፣ ለምን አላስቆምሽኝም ብሎም አልጠየቀኝም። እናቴ ብቻ አንድ ቀን ጠርታኝ፣ ታዲያ በወፏ ፈንታ ምን ነበር ያለው አለችኝ፤ በጣቴ መሬት ላይ ሣልኩላት። ለረጅም ጊዜ አየችውና እሷም አልገባትም።

ሐዘኑ ካለፈ በኋላ አባቴ ወደ ሥራው ሊመለስ ሲል እጄን ይዞ ወደ መኪናው ወሰደኝ። ባለቤቱ አሮጌውን ሽጦ አዲስ የገዛው በዚያ ጉዞ ዋዜማ ስለነበር አባቴ መልእክት ሊልክልን ጊዜ አላገኘም። ብብቴን ይዞ አነሳኝና ጣቴን በፀሐይ የጋለው ብረት ላይ አደረገው። «ይኸውልሽ ክንፏ። ይኸውልሽ አንገቷ፣ እንዲህ ወደ ላይ ቀና ያለው። ላባዋን አራግፋ ነው እንጂ እሷው ናት። አየሽ?» እኔ የሚታየኝ ሁለት የተቆለመሙ ብረቶች ነበሩ። ዓይኑን አየሁት፤ ቀልቷል። ሊያጽናናኝ ነው ወይስ እሱ ራሱ እንዲጽናና ነው ያነሳኝ፣ ዛሬም አላውቅም። አየሁ አልኩት። ግንባሬን ሳመኝና አወረደኝ። ከዚያ ወዲህ እጅ ተነሳም አልተነሳም፣ አጠገቡ ማንም ይቀመጥ ማን፣ ሮቢት ሳያቆም አልፎ አያውቅም።

ይህንን ሁሉ ለዳዊት ነግሬው ስጨርስ ስልኩን አወጣ። የፋብሪካው ምልክት ከመጀመሪያው ጀምሮ በተራ ተደርድሮ የሚታይበት ሥዕል ፈልጎ ሰጠኝ። ለምን ይቀያይሩታል፣ ሰው ያወቀውን ፊት ማጥፋት ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ ጠየቅሁት። ሰው አንዴ ካወቃት በኋላ ሁሉን ማሳየት አያስፈልግም፣ እያቀለሉ ይሄዳሉ አለኝ። አሁንም ግራ ገባኝ፤ እኔን ያመለጠችኝ ሁሉን ነገሯን ስለማውቅ ነበራ። ዛሬ ደግሞ መንገድ ዳር ቆሞ መኪና በፊቱ የሚለይ ልጅ የለም፣ ምን ያደርግለታል፣ አባቱ ጣርማበር ሲደርስ ይደውልለታል። ሐጂም፣ የኔታም፣ ግሪሳ ናት ያሉት አቶ ይርጋም አልፈዋል፤ ስለ ወፏ የሚከራከር ሰው እንኳ ቢፈለግ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ዳዊት ሥዕሉን አሰፋልኝ። መጀመሪያ የእኔዋ ወፍ፣ ላባዋ፣ ጥፍሯ፣ የተከፈተው አፏ። መጨረሻ ላይ ግቢዬ ውስጥ የቆመችው መስመር። መሐል ላይ ያቺ፣ ቀለበት ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች። ከመጀመሪያዋ ተነስቼ ጣቴን እያንሸራተትኩ መጣሁ፤ ላባው ረገፈ፣ ጥፍሩ ቀረ፣ አንገቱ ግን ወደ ላይ ቀና እንዳለ ነው፣ ክንፉም እንደ ተዘረጋ ነው። ልክ አባቴ ጣቴን ባስቀመጠበት ቦታ ነው ያለው።

«አዩዋት፣ እትዬ?» አለኝ።

አየሁ አልኩት። አባቴን የዋሸሁበትን ቃል ነው የደገምኩት፤ አሁን ግን እውነቴን ነበር።