የአልፊየስ ዓይኖች

አልፊየስ ኔይሞር የእህቴ የቨርሊን ባል ነው። እዚህ አንድሮስ ደሴት ላይ ያለን ወንዶች ብዙዎቻችን የምንተዳደረው ለአሳ ማጥመድ የሚመጡ እንግዶችን በጀልባ በማውጣት ነው፤ እንግዶቹ ስም ጠርተው የሚጠይቁት ግን እሱን ነበር። እንግዶቹ የሚያሳድዱት ቦንፊሽ ጀርባው እንደ መስታወት የሆነ አሳ ነው። ጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ አጠገብህ ቢቆም እንኳ አታየውም። የሚታየው ነጩ አሸዋ ላይ የሚጥለው ጥላ ነው፣ እሱም ፀሐይ ከፈቀደች። እንግዳው ዘንጉን ይዞ ከፊት ይቆማል፤ መሪው ከኋላ ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ ወጥቶ ጀልባውን በረጅም እንጨት እየገፋ አሳውን ይፈልግለታል። ማየት ያቃተው መሪ ቤቱ ይቀመጣል፣ ሌላ መላ የለውም።

አልፊየስ እኛ የደመና ጥላ ነው ብለን የተውነውን አሳ ለይቶ የሚያይ ሰው ነበር። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ግን ደመና በሆነ ቀን "ዛሬ አሳ የለም" ማለት አመጣ። ኋላ ላይ ፀሐይ ባለበትም ቀን ይለው ጀመር። ሱቁ ደጃፍ ዶሚኖ ስንጫወት ጠጠሩን ከማኖሩ በፊት በአውራ ጣቱ ይዳብሰዋል። "ይሄ ሰውዬ ጠጠር ያሻል፣ ጠንቋይ ሆነ እንዴ?" ብለን እንስቅበታለን፤ እሱም አብሮን ይስቃል። ነጥቦቹን በጣቱ እየቆጠረ መሆኑ ለማናችንም አልመጣልንም።

ሩዲ ክላሰን የሚባል ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ አለ። በየዓመቱ በመጋቢት ይመጣል፣ ከአልፊየስ በቀር ከማንም ጋር አይወጣም። ጀልባ ላይ ሲነታረኩ የሰማቸው ባልና ሚስት ናቸው ይላል። ባለፈው መጋቢት አንድ ቀን አብረው ሲወጡ እኔም ከኋላቸው ነበርኩ፤ የኔ እንግዳ ሆዱን ታሞ ስለቀረ ለራታችን ኮንክ የሚባለውን ትልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ልለቅም ብቻዬን ወጥቼ ነበር።

"ወደ ግራ፣ ሩዲ! ጭራው ታየኝ! ወርውር!" ሲል ይሰማኛል አልፊየስ።

ሩዲ ወረወረ። ከላባና ከክር የተሠራችው ትንሿ ማጥመጃ ውሃው ላይ ቀስ ብላ አረፈች።

"ሳብ... ቀስ... አትቸኩል አንተ ሰው!"

ምንም የለም። ደግሞ ወረወረ። ኋላ መንጠቆው ያዘ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ሩዲ "ያዝኩት!" ብሎ አገሩን በጩኸት ሞላው። ጠጋ ሲሉ ከአሸዋው ብቅ ያለች፣ ባሕር ውስጥ የሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ ችግኝ ናት። ከሩቅ ሆኜ ሳቅኩባቸው። እንዲህ ያለው ነገር ለማንም ያጋጥማል።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ስንመለስ አልፊየስ ሞተሩን አስነስቶ ቀደመኝ። መግቢያችን ላይ ውሃው ሲሸሽ ራሱን የሚያወጣ ድንጋይ አለ፤ በልጅነታችን ላዩ ላይ እየወጣን የምንዘለው ነበር። ጀልባው ቀጥ ብሎ ወደ እሱ ሲሄድ አየሁ። አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል ስል ጠበቅኩ። አልዞረም።

"አልፊ! ድንጋዩ! አልፊ!"

የሞተሩ ድምፅ ጩኸቴን ዋጠው። ጀልባው ተንገጫግጮ አፍንጫው ወደ ላይ ተነሳ፤ ሩዲ ተስፈንጥሮ ባሕር ገባ። ስደርስ አልፊየስ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዲን ብብቱ ሥር ደግፎታል። የሽማግሌው ቅንድብ ተሰንጥቆ ደሙ ይወርዳል፤ ደግነቱ ስድቡ አልተቋረጠም።

"ምን ነክቶህ ነው አንተ?" አልኩት አልፊየስን።

ዙሪያውን ተመለከተ። "ምኑን ነው የመታሁት?" አለኝ።

ድንጋዩ ክንዱ አጠገብ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ነርሷ የሩዲን ቅንድብ ስትሰፋ አልፊየስ በሩ ላይ ቆሞ ቆቡን በእጁ ያሽከረክራል።

"ሩዲ፣ ዓይኔ አያይም" አለ በመጨረሻ። "ጠዋትም ችግኟን አሳ ናት ብዬ ያስወረወርኩህ ለቀልድ አይደለም።"

"እሷንማ እኔም አሳ ናት ብዬ ነው የወረወርኩት! ጭራዋን ስትወዘውዝ ሁሉ አይቻለሁ!"

"አይንቀሳቀሱ!" ብላ ነርሷ ተቆጣች።

"እኔስ ወደ ሰማንያ ተጠግቻለሁ" አለ ሩዲ ቀስ ብሎ። "አንተ ምን ሆነህ ነው?"

አልፊየስ ቆቡን ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ወጣ። የፈራውን እኔ አውቀዋለሁ። አባቱ ኢኖክ ከባሕር ስፖንጅ የሚለቅም ጠንካራ ሰው ነበር፤ በአልፊየስ ዕድሜ ዓይኑ ጠፋና እስኪሞት ድረስ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ኖረ። እጁን ይዞ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው አልፊየስ ነበር።

ቤት ስንደርስ ቨርሊን የሆነውን ሁሉ ሰማች። አልጮኸችም።

"ታውቂ ነበር እንዴ?" አልኳት።

"ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ ሲጠጣ እያየሁ? ራሱ እስኪነግረኝ ብዬ ነው።"

"ምኑን ልንገርሽ?" አለ አልፊየስ። "የአባቴ ነው የያዘኝ። ሐኪም ዘንድ ሄጄ ስሙን ብሰማው ምን ይጠቅመኛል?"

"አንተ ሐኪም ነህ?"

"አይደለሁም።"

"እንግዲያው ዝም በል። ልብስህን ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ።"

ለሦስት ወደ ዋና ከተማው ናሳው ሄድን። የዓይን ሐኪሟ በር ላይ ተራ ስንጠብቅ አልፊየስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ኮርኔል፣ ጀልባውን አንተ ትወስዳለህ። ሞተሩ ጠዋት ጠዋት ያስቸግራል፣ አትቆጣው፣ ትንሽ ታገሰው።"

"ኑዛዜህን ለራስህ ያዝ" አልኩት።

ዶክተር ፋርኳርሰን ወጣት ሴት ናት። ጠብታ ጨመረችበት፣ መብራቷን ይዛ አንዱን ዓይን ረጅም ጊዜ አየች፣ ወደ ሌላው ዞረች። ቨርሊን ቦርሳዋን ጭምቅ አድርጋ ይዛለች።

"አባትዎን ምን ነበር ያመማቸው?"

"ዕውር ነበር።"

"በምን ምክንያት?"

"ያን ጊዜ ማን መርምሮት!"

ወንበሯን ሳበችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። "ሚስተር ኔይሞር፣ የእርስዎ የዓይን ሞራ ነው፣ በሁለቱም። ቆይቶ ጠንክሯል፤ ቀደም ብለው ቢመጡ ጥሩ ነበር። ግን ከኋላው ያለው ጤነኛ ነው። ሞራው ይወጣል፣ በምትኩ ሌንስ ይገባል፣ ያያሉ።"

"አያለሁ ማለት... ብርሃን?"

"ብርሃን ብቻ አይደለም። ያያሉ።"

"አሳስ?"

ሳቀች። "እኔ የማውቀው የግድግዳውን የፊደል ሰሌዳ ነው። የአሳውን እርስዎ ተመልሰው ይንገሩኝ።"

"ይወጣል ነው ያሉኝ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ይወጣል አለችህ እኮ!" አለች ቨርሊን። ይህን ብላ ሳትጨርስ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እንባ ያልወጣት ሴት ፊቷን በቦርሳዋ ሸፍና ተንሰቀሰቀች። አልፊየስ እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን በዳበሳ አገኘው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ የማየው ነገር ኖሮ አይደለም።

የመጀመሪያው ዓይን በተሠራ ማግስት ፋሻው ሲነሳ ቨርሊን ፊቱ ቆማለች። ትኩር ብሎ አያት።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"አንተ ድንጋይ ላይ ስትነዳ።"

"ያምርብሻል" አላት። ወደ እኔ ዞረና፣ "አንተ ግን ወፍረሃል" አለኝ።

ሁለተኛውም ዓይን በደህና ተሠራ። አልፊየስ ቤቱ ተመልሶ ጀልባውን መጠገን ያዘ። ጠገነው፣ ቀለም ቀባው፣ ፍቆ ደግሞ ቀባው፤ ውሃ ላይ ግን አያወርደውም። ከመንገድ ማዶ የሰውን ፊት ይለያል፣ ጋዜጣም ያነባል። አሳ ማየት ግን ሌላ ነገር መሆኑን እሱም እኔም እናውቃለን። አንድ ጠዋት ቨርሊን ጠራችኝ።

"ውሰድልኝ እባክህ። ጀልባው ሲያልቅበት ቤቱን ሊቀባብኝ ነው።"

ይዤው ወጣሁ። እንግዳ የለም፣ ሁለታችን ብቻ። እኔ ዘንጉን ይዤ ከፊት ቆምኩ፤ እሱ መግፊያውን አንስቶ መቆሚያው ላይ ወጣ። ውሃው ረግቷል፣ ፀሐይዋ ከኋላችን ናት። ቀስ እያለ ይገፋል፣ ይቆማል፣ ይገፋል። ዞሬ እንዳላየው አንገቴን አደነደንኩ።

"ኮርኔል።"

"አቤት።"

"በቀኝህ፣ ሳሩ ዳር። ሁለት... ቆይ፣ ሦስት ናቸው። መካከለኛው ትልቅ ነው።"

ፈለግኩ። አሸዋና የባሕር ሳር ብቻ ነው የሚታየኝ። "የታሉ?"

"ክርክሩን ተወውና ወርውር!"

ወረወርኩ። "ተወው... ዞረ... እየተከተላት ነው... ሳብ! ሳብ አንተ!" ክሩ እጄ ላይ ከበደ፤ ውሃው ተሰነጠቀ፣ አሳው ወደ ጥልቁ ባሕር ሲሮጥ የክሩ ማጠንጠኛ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ። ታግዬ ሳመጣው አልፊየስ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ወርዶ ተቀበለኝ። መንጠቆውን ነቀለና አሳውን በሁለት እጁ ከውሃው ሳያወጣ ያዘው።

"ጀርባው ላይ አረንጓዴ መስመር አለው እኮ" አለ። "ረስቼው ነበር።"

ጣቶቹን ከፈታቸው። አሳው ትንሽ ቆየና ሄደ። አልፊየስ አሸዋው ላይ የሚሄደውን ጥላ በዓይኑ ተከትሎ ከሸኘው በኋላ ወጥቶ ከጀልባው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ይንጠባጠባል።

"ሞተሩን ላስነሳው?" አልኩት።

"ምን አስቸኮለህ፣ ወደየት ልንሄድ?" አለኝ። ውሃው ሞልቶ ሳሩን እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ተቀምጠን ቆየን።